አራት ወንበር ያለው ሳሎን

መርማሪዋ አንሶላውን ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው። ከዚያ ቀና ብላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን በረንዳ ተመለከተች። የጎረቤቶቹ በረንዳዎች ሁሉ መከላከያ ብረት አላቸው፤ ይኼኛው ግን የለውም።

ሟቿ ጡረታ የወጣች መምህርት ነበረች። የሕንፃው ጥበቃ እንደተናገረው፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማ፤ ሠራተኞች የሲሚንቶ ከረጢት የጣሉ መስሎት እየተሳደበ ነበር የመጣው። አሁን ስድቡን እያስታወሰ ያፍራል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌዋ» ይሏታል። ብዙ አትናገርም፤ የተናገረች ለት ግን ትወጋለች። ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣች።

ሳሎኑ እድሳት ላይ ነው። ወለሉ ላስቲክ ለብሷል፣ ግድግዳው ተፍቆ ነጭ ስቱኮ ተቀብቷል። ረጅሙ ሶፋ ጥግ ይዟል። የበረንዳው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከበረንዳው ጠርዝ አንድ ክንድ ገባ ብሎ ፈዛዛ አረንጓዴ የቀለም ናሙና ካርድ ወድቋል። እዚያ ካለው ሁሉ ቀለም ያለው እሱ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟችን ታናሽ እህት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ከእህቷ ጋር ኖራለች። አታለቅስም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች።

«ዳቦ ልገዛ ስወጣ ‹ቀለሙን በፀሐይ ልየው› ስትል ሰምቻታለሁ» አለች። «ብረቱ መነሳቱን ረስታው ነው እንግዲህ።»

የሟች አንድያ ልጅ እንባው እየቀደመው ተናገረ። ጠዋት ከሚስቱ ጋር መጥተው የመጋረጃ ልክ ወስደው ሄደዋል። የበረንዳውን በር የለኩት ሶፋው ላይ ቆመው ነው፤ ሶፋው በሩን ዘግቶ ነበርና። እናቱ ትናንት በስልክ የመረጠቻቸውን ቀለሞች አንድ በአንድ እንደነገረችው አወራ። ሚስቱ ደግሞ ዕቃው እንዴት እንደሚደረደር ሥላ ባለፈው ሳምንት ለአማቷ የላከችላትን ወረቀት አሳየች፤ ቤታቸውን ለቀው ከነልጃቸው ከአማቷ ጋር ሊኖሩ ተስማምተው ነበር። መርማሪዋ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ ኪሷ ከተተችው።

ጠዋት ቀለም ሊገዛ የወጣው ቀለም ቀቢ የተመለሰው ሁለት ጣሳ የማር መልክ ያለው ቀለም ተሸክሞ ነው። ግቢው ውስጥ ያለውን ሲያይ ጣሳዎቹን ማስቀመጥ እንኳ ረሳ። ብረቱን ዝገቱን ሊፍቅ ከትናንት ወዲያ አንስቶታል። ሰው እንዳይወጣ ብሎ ረጅሙን ሶፋ በሩ ላይ የገተረው ራሱ ነው፤ ጠዋት ሲወጣም እዚያው ነበር።

መርማሪዋ ብቻዋን የሟች መኝታ ቤት ገባች። ራስጌ ያለው መብራት አምፖል የለውም። መነጽሩ አቧራ ጠጥቷል። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩት የመጋረጃ ጨርቅ ናሙናዎች ጀርባቸው ላይ ቁልፍ ተሰፍቶባቸዋል፤ አንዱ ላይ አንድ፣ ሌላው ላይ ሁለት፣ ሌላው ላይ ሦስት። ጨርቁን ትታ ዓይኗን ጨፈነችና ቁልፎቹን በጣቷ ዳሰሰች። ሳታይም መቁጠር ቻለች።

ወጥታ ቀለም ቀቢውን ወደ ኮሪደሩ ጠራችው።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ምኑን?»

«ዓይኗን።»

ሰውዬው ጣሳው ላይ ቁጭ አለ። እማማ ለማንም እንዳይናገር በልጆቹ ስም አስምላው እንደነበር ነገራት። ካርዶቹን አንድ በአንድ ሲያነብላት፣ እሷ ወጣትነቷ ላይ ያየቻቸውን ነገሮች እያስታወሰች መረጠች፤ ትናንት ከሰዓት፣ እህቷ ሳትኖር ምርጫው አለቀ። የግድግዳውን ካርድ አንድ ማዕዘን፣ የኮርኒሱን ሁለት፣ የበሩን ሦስት ቆረጠላት። የቀሩት ካርዶች ወጥ ቤት ወዳለው ካርቶን ተመለሱ።

መርማሪዋ የሟች ሐኪም ዘንድ ደወለች። መልሱ አጭር ነበር፤ መምህርቷ ሁለቱም ዓይኖቿ ከጠፉ ሁለት ዓመት አልፏል።

ሁሉንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሶፋው ላይ መቀመጥ የፈለገ ስላልነበረ ቆሙ።

«እናትህ አታይም ነበር» አለችው ልጁን። ልጁ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሚስቱ ክንዱን ያዘችው። «የማታይ ሴት ቀለም በፀሐይ ልታይ አትወጣም። ካርዱን እዚያ የጣለው ሌላ ሰው ነው። ሶፋውንም የገፋው እሱ ነው፤ ላስቲክ ላይ ስለሆነ ለአንድ ሰው አይከብድም። ግን ሶፋ ስለተነሳ ብቻ ዓይን ያለው ሰው አይወድቅም። ይህን ያሰበው መታወሯን የሚያውቅ ነው። እናንተ ሁለታችሁ አታውቁም ነበር።»

ቀለም ቀቢው አንገቱን ደፋ።

«አንተ ታውቅ ነበር። ግን ምርጫው ማለቁንም ታውቃለህ፤ ቀለሙን ልትገዛ ሄደሃል። ካርድ ብትጥል ኖሮ የተቆረጠ ትጥል ነበር። የወደቀው ካርድ አራቱም ማዕዘኑ ሙሉ ነው። ምርጫው ማለቁን ያልሰማ፣ ከካርቶኑ ያነሳው ነው።»

ከዚያ ወረቀቱን አውጥታ በእህትየዋ ፊት ዘረጋችው።

«ይህን ያነበቡላት እርስዎ ነዎት። እዚህ ሳሎን ውስጥ አራት ወንበር ተሥሏል፤ የእሷ፣ የልጇ፣ የምራቷ፣ የልጅ ልጇ። የእርስዎ የቱ ነው?»

ሴትዮዋ ወረቀቱን ሳይሆን መስኮቱን አየች።

«እኔም ጠይቄያት ነበር» አለች። «‹አንቺ ወንድማችን ጋ ትሄጃለሽ፤ ተነጋግረን ጨርሰናል› አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ ዓይኗም እግሯም ሆኜ፣ ከማን ጋር ነው የተነጋገረችው?»

«ዛሬ ጠዋትስ ምን አሏት?»

«ብረቱ ተመልሷል አልኳት። ፀሐዩ ደስ ይላል፣ ወጣ ብለሽ ሙቂ አልኳት።» ድምጿ አልተለወጠም። «በሩ ላይ ስትደርስ እንደ ወትሮው እጇን ዘረጋችልኝ። አልያዝኳትም።»

«አረንጓዴውንስ ለምን መረጡ?»

ሴትዮዋ ያልጠበቀችው ጥያቄ ነበር። «ደስ የሚለኝ እሱ ነው» አለች።

ልጁ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ከዚያ የሚያደርገውን አጣና ቆመ። አክስቱ ናት፤ ጫማ ማሰር ያስተማረችው እሷ ናት። ለምን አልነገርሽኝም ሲላት፣ እናቱ ዓይኗ መጥፋቱን ቢሰማ እንደ በሽተኛ ያየኛል ብላ ስለፈራች ቃል እንዳስገባቻት መለሰችለት። ቃሏን አላፈረሰችም።

ነጠላዋን አጣፍታ፣ የመኝታ ቤቱን በር በቀስታ ዘግታ ወጣች። ማንም አልገፋትም። ደረጃው አፍ ላይ ሲደርሱ፣ እህቷን እንደለመደችው፣ መርማሪዋን ክንዷን ደገፍ አደረገቻት።

«ቀስ በይ» አለቻት። «እስከ ቀጣዩ ፎቅ አሥራ ስምንት ደረጃ ነው። አንድ... ሁለት...»