የተሰረቀው ሰማንያ ሴንቲሜትር

«ምን ተሰረቀብዎት፣ አባት?»

«ሰማንያ ሴንቲሜትር።»

መዝገብ ያዡ ፖሊስ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። ጎኑ የተቀመጠውን ባልደረባውን በዓይኑ ጠቀሰው። «ሰማንያ ሴንቲሜትር ምን? ቧንቧ? ጨርቅ?»

«ከፍታ» አሉ ሽማግሌው። «የተሰረቀው ከፍታ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከጎረቤቷ ተጣልታ ለመክሰስ የመጣችው ሴትዮ እንኳ እንባዋን ጠርጋ ሳቀች።

ያልሳቀችው አንዲት ሳጅን ብቻ ነበረች። ባልደረቦቿ «ሳጅን ለምን» ይሏታል፤ አንድ ነገር አልዋጥ ካላት «ለምን?» ማለቷን አታቆምም። ሽማግሌውን ታውቃቸዋለች። ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ በቀያሽነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በግንበኞች መሣሪያ ስም ወጥቶላቸው «ጋሽ ውሃልክ» ይባላሉ። በስሙ ሲጠሯቸው አይከፋቸውም፤ እንዲያውም ደረታቸው ትንሽ ነፋ ይላል።

ወንበር ሳበችላቸው። «ጋሼ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«የድልድዩን ሦስተኛ ምሰሶ ታውቂዋለሽ። ትልቁ ጎርፍ የመጣ ጊዜ፣ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣ ውሃው የደረሰበትን ለክቼ የብረት ሰሌዳ ያሰርኩበት እኔ ነኝ። በአራት ብሎን። ከእግረኛው መንገድ ሁለት ሜትር ከአሥር። ሰሌዳውን ሳነብ አንገቴን ቀና አደርግ ነበር። ዓይኔን ልታከም ልጄ ዘንድ ሄጄ አንድ ዓመት ቆይቼ ትናንት ተመለስኩ። ዛሬ ጠዋት ሳልፍ ሰሌዳው ደረቴ ላይ ደርሷል!»

«መንገዱ ተሞልቶ ከፍ ብሎ ይሆን?»

«እሱንም ለካሁት። መንገዱ ያው ነው።»

«ሰሌዳው ዝቅ ቢል ማን ምን ይሆናል?»

ሽማግሌው አዩዋት። «ደንቡን አታውቂውም? ከድልድዩ በታች ባለው ሰፈር ማንም ሰው ሲገነባ ወለሉ ከዚያ ሰሌዳ በግማሽ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ቤትም ይሁን ሱቅ፣ የሀብታምም ይሁን የድሃ። ሰሌዳው ከወረደ ወለሉ ሁሉ አብሮ ይወርዳል። ልጄ፣ አዲሱ የእናቶች ማዋለጃ የተሠራው እዚያ ነው። ለክቼዋለሁ። ወለሉ ያኔ ውሃው ከደረሰበት በሠላሳ ሴንቲሜትር ዝቅ ያለ ነው።»

ማዋለጃው ሊከፈት ስምንት ቀን ቀርቶታል። ዝናቡ ሊገባ ሦስት ሳምንት።

ሳጅኗ ባርኔጣዋን አነሳች።

*

የግንባታ ፈቃድ ቢሮው ኃላፊ አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የለዘበ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ የተጠቀለሉ ካርታዎች ተደርድረዋል። ጉዳዩን ሰምቶ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

«ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እንደ አባቴ ነው የማያቸው። ግን ሳጅን፣ ዓይናቸውን ታመዋል፤ ዕድሜም አለ። አይፍረዱባቸው።»

«ሰሌዳው የት እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ አለ?»

«ነበረ። ቢሮ ስንቀይር ጠፋ።»

«መቼ?»

«እንግዲህ... አምና ነው።»

«ሰሌዳውን ያነሳ ሰው ቢኖር ማን ሊሆን ይችላል?»

ኃላፊው ካርታ አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። «ሰው ማማት አልወድም። ግን ድልድዩን ያስቀባው ኮንትራክተሩ ነው። ያውም በነፃ። ማዋለጃውንም የገነባው እሱ ነው። የቀረውን እርስዎ ያስቡት።»

ሳጅኗ አሰበችው። በቂ ምክንያት ይመስላል። ወለሉ ዝቅ ሲል አፈር መሙላቱም፣ ድንጋይ መደርደሩም ይቀንሳል። መጀመሪያ ግን ሌብነቱ ራሱ መረጋገጥ ነበረበት።

ከሰዓት በኋላ ከጋሽ ውሃልክ ጋር ድልድዩ ሥር ወረዱ። ምሰሶው ከላይ እስከ ታች ግራጫ ቀለም ተቀብቷል፤ እንከን የለውም። ሽማግሌው ሜትራቸውን ዘርግተው ሁለት ሜትር ከአሥር ላይ በጠመኔ አሰመሩ። ሳጅኗ ድንጋይ ላይ ወጥታ በመሮ ቀለሙን መፋቅ ጀመረች።

አንድ ክብ ነገር ብቅ አለ። ከጎኑ ሌላ። ከሥሩም ሁለት።

አራት ቀዳዳዎች። በአዲስ ሲሚንቶ የተደፈኑ።

ጋሽ ውሃልክ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ። ሳጅኗ ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች። አንዳንድ ጊዜ ሰውን አለማየትም ማክበር ነው።

*

ኮንትራክተሩን ማዋለጃው ግቢ አገኘችው። ሠራተኞቹ ላይ እየጮኸ ነበር፤ ስታነጋግረውም ድምፁን አልቀነሰም።

«እኔ ሰሌዳ ነካሁ? እኔ ከሆንኩ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ድልድዩን አላስቀቡም?»

«አስቀብቻለሁ! ሰው አገሩን ቢያሳምር ወንጀል ነው?»

«የማን ሐሳብ ነበር?»

«የኃላፊው። ‹ድልድዩ አስቀያሚ ሆኗል፣ ስምህም ይነሳበታል› አለኝ። ጥሩ አልኩ። ቀቢዎቼ ሲደርሱ ሰሌዳው አሁን ያለበት ቦታ ነበር። ዙሪያውን ቀቡ፣ ሄዱ።»

«የዚህን ቤት ወለል ከፍታ ማን ወሰነ?»

«እኔ ልወስን? ቁጥር ተሰጠኝ፣ በቁጥሩ ሠራሁ።» ከመኪናው ፋይል አምጥቶ ወረቀቱን ፊቷ ዘረጋው። «ይኸው ፈቃዱ፣ ይኸው ማህተሙ!»

ሳጅኗ ቀኑን አየች። እንደገና አየችው። ፈቃዱ ከተፈረመ አሥራ አራት ወር ሆኖታል።

«ድልድዩ የተቀባው መቼ ነው?»

«አሥር ወር ይሆነዋል።»

እዚያው የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ውሃልክ ለሕክምና የሄዱት ከአሥራ ሁለት ወር በፊት ነው፤ ያኔ ሰሌዳው በቦታው ነበር። ፈቃዱ ደግሞ ከዚያ ሁለት ወር ቀድሞ ተፈርሟል፤ ዝቅ ባለው ቁጥር። ስለዚህ ወረቀቱ ሲሳሳት ሰሌዳው ልክ ነበር ማለት ነው። ስህተቱ ቀደመ፤ ስርቆቱ ተከተለ።

ፈቃዱን ኪሱ የከተተ ሰው ሰሌዳ ማውረድ ለምን ያስፈልገዋል? አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ያንን ቁጥር ለፈረመ ሰው ነው።

ጣቷን ወረቀቱ ግርጌ ላይ አሳረፈች። ፊርማው የተዋበ ነበር።

*

«ከመቀባቱ በፊት ይህን ሰሌዳ የነካ ሰው አይተዋል?» ስትል የድልድዩን ጥበቃ ጠየቀችው።

«አዎ» አለ ጥበቃው፣ ዱላውን እያሻሸ።

ሳጅኗ ክው አለች። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ? በጠራራ ፀሐይ፣ የእሁድ ዕለት፣ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሶ፣ መሰላል ተሸክሞ መጣ። ‹የቢሮ ሥራ ነው› አለኝ። መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ እኮ!»

«ማን ነው?»

«የፈቃድ ቢሮው ኃላፊ ነዋ። እንዲያ ያለ ትልቅ ሰው ሠራተኛ ሳይልክ ራሱ ላቡን ሲያንጠፈጥፍ ሳይ፣ እውነቴን ነው፣ ኮርቼበት ነበር።»

*

ኃላፊው ቢሮ ስትገባ ብቻዋን አልነበረችም። ጋሽ ውሃልክ «ኮሪደሩ ላይ እጠብቃለሁ» ብለው ከበሩ ውጭ ቀሩ፤ በሩ ግን ገርበብ እንዳለ ነው። ከቀዳዳው የወጣውን የሲሚንቶ ድፍን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከጎኑ ፈቃዱን።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ኃላፊው።

«እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ሲሚንቶ።»

«ፈቃዱን ሲፈርሙ ድልድዩ ድረስ ሄደው ለክተዋል?»

«ደንቡ ለክተህ ፈርም ይላል።»

«ደንቡን አልጠየቅኩዎትም።»

ኃላፊው የተጠቀለሉትን ካርታዎች አስተካከለ።

«ጥበቃው መሰላል ይዞልዎታል።»

የኃላፊው እጅ ሲሚንቶውን ሊነካ ተዘረጋና ቆመ። ከዚያ ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ።

«ድልድዩ ከዚህ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው» አለ። «ያን ቀን ካፊያ ነበር። ጫማዬ አዲስ ነበር። መደርደሪያው ላይ ካርታ ነበረ፤ ከትልቁ ጎርፍ በፊት የተሠራ፣ የቀድሞውን ትንሽ ጎርፍ ምልክት የሚያሳይ። ቁጥሩን ከእሱ ቀዳሁ። ፈረምኩ። ሃያ ደቂቃ፣ ሳጅን።»

«መቼ አወቁት?»

«ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ሲመታ። በድልድዩ ሳልፍ ቀና ብዬ ሰሌዳውን አየሁት።»

«ያኔ ‹ተሳስቻለሁ› ቢሉስ? ለምን አላሉም?»

«እንዴት ልበል?» ዓይኑ ቀላ። «በዚህ ከተማ ‹የጋሽ ውሃልክ ተማሪ አይሳሳትም› ይባላል። ይህን ወንበር ያገኘሁት በዚያ ስም ነው። ስሜ ከሚወርድ ሰሌዳው ይውረድ አልኩ።»

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ውሃልክ ደፍ ላይ ቆመዋል።

«እኔ ስንት ጊዜ እንደተሳሳትኩ ታውቃለህ?» አሉ በቀስታ። «ሰባት ጊዜ። ሰባቱንም ባወቅኩ ማግስት ሄጄ፣ ባለቤቱ ፊት ቆሜ፣ ‹ጥፋቱ የእኔ ነው› ብዬ አስተካክያለሁ። የምኮራው አልሳሳትም ብዬ አይደለም። ሳላስተካክል የተውኩት የለም ብዬ ነው። ይህን ሳላስተምርህ ቀርቼ ይሆን?»

ኃላፊው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «አስተምረውኛል» አለ።

ሳጅኗ ቃሉን መዘገበች። አስፈረመችው። በኮሪደሩ ይዛው ስትወጣ ካቴናውን ከኪሷ አላወጣችም፤ ሰውየው የሚሸሽበት ቦታ እንደሌለ ታይቷታል።

*

በማዋለጃው ጉዳይ በተጠራው ስብሰባ ኮንትራክተሩ ጠረጴዛ ደበደበ። «ያለቀ ሕንፃ ነው! ደንቡ ከመጪው ዓመት ሕንፃዎች ጀምሮ ይጠበቅ!»

የማዋለጃው ኃላፊ፣ ሠላሳ ዓመት ሲያዋልዱ የኖሩት ሲስተር፣ ተነሱ። «አራስ ከነልጇ የምትንሳፈፍበት ክፍል አልረከብም። ደንቡ ለኔም ነው። እንዲያውም ከሁሉ በፊት ለኔ ነው።» ተቀመጡ።

የምድር ቤቱ ግድግዳዎች ፈረሱ፤ ምሰሶዎቹ ብቻ ቀሩ፣ ውሃ ቢመጣ በመሃላቸው እንዲያልፍ። ለቢሮ የታሰበው ፎቅ ማዋለጃ ሆነ። ከላይኛው መንገድ እስከ ፎቁ ድረስ አልጋ የሚገፋበት መሸጋገሪያ ተሠራ። ሰሌዳው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ጋሽ ውሃልክ ሳጅኗን «አንቺ እሰሪው» ብለው መፍቻውን ሰጧት። አራቱንም ብሎን አጠበቀች። ለክተው «ልክ ነው» አሏት። ከእሳቸው አፍ ይህን ቃል ለመስማት ግንበኞች ዓመታት ይጠብቃሉ። ያን ቀን ወደ ጣቢያ የተመለሰችው መሬት ሳትረግጥ ነው።

ውሃው በዝናቡ ሁለተኛ ወር መጣ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ወንዙ ዳርቻውን ጥሶ ወጣ። የታችኛውን ሰፈር መንገድ ሞላው፤ በማዋለጃው ምሰሶዎች መሃል እያጓራ አለፈ። ፎቁ ላይ ስድስት እናቶች ነበሩ። ሲስተር በመስኮት ብቅ ብለው «እኛ ሥራ ላይ ነን፣ አትረብሹን!» ብለው ጮኹ።

ዝቅ ካሉት አሮጌ ቤቶች ሰው ለማውጣት ከድልድዩ እስከ ሰፈሩ ገመድ ተዘረጋ። ጥበቃው፣ ኮንትራክተሩና ሠራተኞቹ፣ ተማሪዎች፣ ሱቃቸውን የዘጉ ነጋዴዎች ውሃው ወገብ እስከሚደርስበት ተሰልፈው ያዙት። ጋሽ ውሃልክ ከፍ ያለው ጫፍ ላይ ናቸው።

ቀድሞ ኃላፊ የነበረው ሰውዬ ማንም ሳይጠራው መጣ። በዋስ ተለቆ ፍርዱን እየጠበቀ ነው። ከሰልፉ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ዝናቡ እየወረደበት ቆመ። ሰዎች አዩት። አንዱም ቦታ አልለቀቀለትም።

ጋሽ ውሃልክ ዞር አሉ። ገመዱን ወደ እሱ ዘረጉ።

«ያዝ» አሉት።

ያዘ።

እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ያዙ። ሳጅኗ የሰፈሩን መዝገብ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ቤት ለቤት፣ ስም በስም ቆጠረች። ሕፃን፣ አሮጊት፣ ፎቁ ላይ ጠዋት የተወለዱትን ሁለቱን ጨምራ። ድልድዩ መሃል ቆማ ሬዲዮዋን አነሳች።

«ጣቢያ፣ ይሰማል? ሁሉም አሉ። የጎደለ ሰው የለም።»

ከወዲያ ዝናብ የሚመስል የሬዲዮ ጩኸት ተሰማ። «ድገሚው፣ ሳጅን። አልሰማሁም።»

ደገመችው። በዚህኛው ጊዜ ግን ድልድዩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ እንዲሰማት ጮክ ብላ፣ በሙሉ ድምጿ።