አገጬን ያነሣሁ ዕለት

አርጊሪስን መጀመሪያ የሰማሁት ሳላየው ነው። ለፋሲካ ዕረፍት ከተሰሎንቄ ዩኒቨርሲቲ ወደ ከተማችን ካቫላ መጥቼ፣ የትምባሆ መጋዘን አለቃ ለነበረው አባቴ ምሳውን ላደርስ ደረጃውን ስወጣ፣ ቅጠል ከሚለዩት ሠራተኞች መካከል አንዱ ያዜማል። በሩ ላይ ቆምኩ። ቀና ብሎ አየኝና ግጥሙ ጠፋው።

«አስረሳሽኝ» አለ።

«እንግዲያው ከመጀመሪያው ጀምር» አልኩት።

ሠራተኞቹ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም።

ዓመት ሙሉ ተደብቀን ተጻጻፍን። አባቴ ደብዳቤዎቹን ያገኘ ዕለት አልጮኸም።

«ባል ነው የምታገቢው ወይስ ሬዲዮ?» አለኝ። «ሬዲዮ እንኳ ሲሰለችሽ ትዘጊዋለሽ።»

ከዚያ ወዲያ እንዳንነጋገር ከለከለን። በዚያው ሰሞን አንድ የሸክላ አሳታሚ አርጊሪስን ሰምቶ ወደ አቴንስ ጠራው። መርከቡ የሚነሣው በቅዱስ ጳውሎስ በዓል፣ እኩለ ቀን ላይ ነበር። አርጊሪስ በእህቱ በኩል ላከብኝ፦ «በአደባባዩ ዘፍኜ ስጨርስ አይሻለሁ። ታገቢኝ እንደሆነ ራስሽን ዝቅ አድርጊ። እምቢ ካልሽ እንደ አገራችን ሰው ሁሉ አገጭሽን ወደ ላይ አንሺ፤ እሄዳለሁ፣ ዳግም አልጽፍልሽም።»

በበዓሉ ቀን ከአባቴ ጎን ተቀመጥኩ። አርጊሪስ ቡዙኪውን እየደረደረ ያንን የመጋዘኑን ዘፈን ዘፈነ፤ ግጥሙ የጠፋው ቦታ ሲደርስ ፈገግ አለ። ጨረሰ። አየኝ።

እንባዬ መጣ። አባቴ አጠገቤ ነው፤ ከተማው ሁሉ ያያል። እንዳይፈስብኝ ፊቴን ወደ ሰማይ አነሣሁ።

ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ዓይኔን ስመልስ ነው። አርጊሪስ ቡዙኪውን ሳጥኑ ውስጥ እያስገባ ነበር።

ብድግ አልኩ።

«ተቀመጪ» አለ አባቴ።

«አባባ፣ ተሳሳትኩ።»

«በምን?»

«በአንገቴ» አልኩና ሮጥኩ።

ወደቡ ስደርስ የመርከቡን መሰላል ሊያነሡ ገመዱን ይዘዋል። አርጊሪስ መርከቡ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። በሕይወቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር።

«አርጊሪስ! እንባ ነው! እምቢ አይደለም፣ እንባ ነው!»

ዞረ። «ምን አልሽ?» አለ፤ የቀረውን የመርከቡ ጡሩምባ ዋጠው።

ራሴን ዝቅ አደረግኩ፤ ደገምኩ፤ ሰለስኩ።

«እሺ እያለችህ ነው፣ አንተ ደንቆሮ» አለው ገመድ የያዘው ወዛደር። «በጆሮህ ነው የምትዘፍነው በአፍንጫህ?»

አባቴ ከኋላዬ እያለከለከ ደረሰ። ወደ አርጊሪስ ቀና አለ።

«ካቫላ በሙሉ ሰማ» አለው። «ውረድ። ሳታገባት የትም አትሄድም።»

አቴንስ አንድ ሳምንት ጠበቀችው። የመጀመሪያው ሸክላ በመከር ወጣ፤ በዓመቱ ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች ከየሰገነቱ ያንጎራጉሩት ጀመር። አዳራሾቹ እየሰፉ ሄዱ። እሱ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ዘፈን ሲጨርስ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይፈልገኝ ነበር። እኔም ራሴን ዝቅ አደርግለት ነበር።

ባለፈው የካቲት ቀበርነው። ሰው ከቦኝ ቆሟል። ሣጥኑ ሲወርድ አንገቴ እንደ ልማዱ ወደ ላይ ሊሄድ ሲል ያዝኩት።

አርጊሪስ ዳግም እንዳይሳሳት፣ ራሴን ዝቅ አደረግኩ። እንባው እንደ ፈቀደ ወረደ።