ባለቤቱ ከአገር ስለሚወጣ

አባዲ የሞተው ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከድሮዎቹ የጣሊያን ቤቶች በአንዱ ግቢ በተከራያት መጋዘን ነው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሚስቱ መድኃኒት ስትገባ በደረቱ ተደፍቶ፣ ቀኝ እጁ አንድ ነጭ ፍሪጅ ጀርባ ላይ ተዘርግቶ አገኘችው። ፍሪጁ ተሰክቶ ያጉረመርማል። በጩኸቷ የተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ «ኤሌክትሪክ ያዘው» ብሎ ፈረደ። ሰፈሩ መቼም ዳኛ አጥቶ አያውቅም።

ሐኪሙ ግን አልተስማማም። «እጁ ላይ የቃጠሎ ምልክት የለም። የሞተው ማጅራቱን ተመትቶ ነው» አለ። ከዕቃዎቹ መሃል ደም የነካው የብረት ካውያ ተገኘ። ወዲያው የአባዲ ሠራተኛ ሳላሀዲን ታሰረ፤ ከሳምንት በፊት «ይሄ ነገር አንድ ቀን ይገድልሃል!» ብሎ አባዲ ላይ ሲጮህ ግቢው በሙሉ ሰምቶታላ!

ኢንስፔክተር ጀማነሽ በማግስቱ ጠዋት መጣች። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ከቦርሳዋ ቆሎ የማይጠፋ ሴት ናት። ስትጠይቅ ትቆረጥማለች፣ ስትሰማም ትቆረጥማለች፤ መቆርጠሟን ስታቆም ግን የሚያውቋት ባልደረቦቿ ይጠነቀቃሉ።

«ባልሽ ሥራው ምን ነበር?» ብላ መድኃኒትን ጠየቀቻት።

«ያገለገለ ዕቃ ነዋ። ኢንተርኔት ላይ ማስታወቂያ እያየ ይገዛል፣ መልሶ እዚያው ይሸጣል።» መድኃኒት ጥጉ ላይ የተሰቀለውን አበባማ መጋረጃ አሳየቻት። «መኖሪያ ቤት እንዲመስል ዕቃውን ሁሉ እዚያ ፊት ነው ፎቶ የሚያነሳው። ከዚያ ‹ባለቤቱ ከአገር ስለሚወጣ በአስቸኳይ የሚሸጥ፤ ደላላ አይደውል› ብሎ ይጽፋል። ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ።»

«ከአገር የምትወጪው አንቺ ነሻ!»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ካናዳ ልሄድ ነው ስል ኖርኩ። ከመስቀል ፍላወር ወዲያ የት አውቅና!» ብላ ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት።

ጀማነሽ እስክትረጋጋ ጠበቀቻት። «ይሄ ፍሪጅ መቼ መጣ?»

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከሰንጋ ተራ። አይሱዙ ላይ አጋድመው ነው ያመጡት።»

«ማን ሰካው?»

«አባዲ ነዋ…» አለችና ቆመች። «አይ፣ አባዲማ አይሰካውም። ተጋድሞ የመጣ ፍሪጅ አንድ ሌሊት ቆሞ ሳያድር ከተሰካ ሞተሩ ይበላሻል። እኔ ራሴ ለገዢው ሁሉ ‹አደራ፣ ዛሬ እንዳትሰኩት› እያልኩ አይደል እንዴ የምሸኘው?»

ጀማነሽ የአባዲን ስልክ ከፈተች። የመጨረሻው ማስታወቂያ የወጣው ትናንት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ የኦክስጅን ማሽን። መጋረጃው ፊት ቆሟል። ማዞሪያው አጠገብ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ «2 ላይ ይሁን» ተብሎ ተጽፎበታል። ሁለት ቁጥሯ አንገቷን እንደ ዳክዬ ቀልብሳለች፤ ከሥሯ ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል።

«ማሽኑ የታለ?»

መድኃኒት ዕቃውን ሁሉ አገላብጣ ፈለገች። ማሽኑ የለም። «አልተሸጠም እኮ! ቢሸጥ እኔ አውቅ ነበር!»

ሳላሀዲን ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ዓይኑ ቀልቶ ጠበቃት። ሚስቱ ሳዲያ ዘጠነኛ ወሯን ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«ከአባዲ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«በዚያ በኦክስጅን ማሽን ነዋ። መጀመሪያ አንዲት ልጅ ገዛችው፤ ሆስፒታል በር ላይ ነው ያስረከብናት። በሦስተኛው ቀን ቆመ። ደውላ ‹አክስቴ ሞተች› ብላ ስታለቅስ አባዲ ቁጥሯን ዘጋው። ኋላ ያንኑ ማሽን ከቆራሌ በርካሽ ገዝቶት መጣ። ወልወል አደረገውና በቃ፣ ‹እንሸጠዋለን› አለኝ። ‹የሰው ነፍስ አይደለም ወይ? ይሄ ነገር አንድ ቀን ይገድልሃል!› አልኩት። ማለቴ፣ አላህ ይቀጣሃል ለማለት እንጂ…»

«ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ዕቃ አድርሼ በእግሬ እየተመለስኩ። ማን ያምነኛል? በአላህ ኢንስፔክተር፣ ልጄ እኔ ታስሬ አይወለድብኝ።»

ጀማነሽ ቃል አልገባችለትም። ቃል መግባት አትወድም፤ ግን እርምጃዋ ፈጠነ።

የግቢው ባለቤት ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ገብረሚካኤል ናቸው። ጥቁር ለብሰዋል፣ ጢማቸው አድጓል። ግድግዳው ላይ የሟች ባለቤታቸው የወይዘሮ ሸዋዬ ፎቶ፣ ከሥሩ መደርደሪያ ላይ ሳይነካ የቀረ መድኃኒታቸው አለ።

«እግዜር ያጽናዎት መምህር። ምን ነበር ያመማቸው?»

«ሳንባዋ ነበር» አሉ በአጭሩ።

«ሳላሀዲን ሲጮህ ሰምተዋል ይባላል።»

«በዚህ ጆሮዬ! ‹ይገድልሃል› ነው ያለው። ለፖሊስም ተናግሬያለሁ።»

«በምን ነበር የተጣሉት?»

«እሱን አልሰማሁም። በገንዘብ ይሆናል።»

የጀማነሽ አፍ ቀጥ አለ። ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ነበር። አንዱ የመድኃኒት ካርቶን ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ጠዋት 2» ተብሎ ተጽፏል። ሁለቷ አንገቷን ቀልብሳለች፤ ከሥሯ ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል።

በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መድኃኒት የሚሸጥ ሶፋ ላይ፣ መምህሩ የሚሸጥ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሳላሀዲን በካቴና ጥጉ ላይ ቆመ፤ ተከትላው የመጣችው ሳዲያ በሩ ላይ ናት።

«ገዳዩ አባዲን በካውያ መታው» አለች ጀማነሽ። «ከዚያ አደጋ ለማስመሰል ፍሪጁን ሰካ፣ እጁን አስነካው። ጥሩ ዘዴ ነበር፤ ግን ፍሪጁን አልመረጠም። እዚህ ቤት አምስት ፍሪጅ አለ። አራቱ ከሰነበቱ ቆይተዋል፤ የትኛውም ቢሰካ ማንም አይጠረጥርም። እሱ ግን ያንኑ ቀን ተጋድሞ የመጣውን፣ አባዲ ሞቶ እንኳ የማይሰካውን ሰካ። ይህንን ሳላሀዲን ያውቃል፣ መድኃኒትም ታውቃለች። የዚህ ሥራ ሰው እንዲህ አይሳሳትም።»

መምህሩ መሬት መሬት ያያሉ።

«ሁለተኛ፣ ሌባ ቢሆን ቴሌቪዥን ይወስድ ነበር። የጠፋው የኦክስጅን ማሽኑ ብቻ ነው። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ ፎቶ ተነስቷል፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የለም።» ስልኩን አንስታ ፎቶውን አሳየች። «ሦስተኛ፣ ይሄ ጽሑፍ። የማን እንደሆነ መምህር ያውቃሉ።»

ወደ መምህሩ ዞረች።

«ጩኸቱን ሰምተው ምክንያቱን ሳይሰሙ አልቀሩም መምህር። አንድ ላይ ነው የተጮኸው። ለወይዘሮ ሸዋዬ ተበቀሉ፣ እሺ። ይሄ ልጅስ ምን አደረገዎት? በዚህ ቤት ‹አትሽጠው› ያለ ሰው እሱ ብቻ ነው። እሱን ነው በምስክርነትዎ ያሳሰሩት።»

ሽማግሌው ቀና ብለው የሳላሀዲንን ካቴና አዩ።

«ይፈታ» አሉ። «ማሽኑ አልጋዬ ሥር ነው።»

መድኃኒት ከሶፋው ተነሳች።

«የእህቴ ልጅ ናት በኢንተርኔት ያገኘችልን። ሸዋዬ አየር ስትለምን ሦስት ሰዓት ሙሉ አጠገቧ ነበርኩ። አርባ ሁለት ዓመት አብሮኝ የኖረ እጅ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ማሽኑን ማየት ቢያስጠላኝ ለቆራሌ ሰጠሁት። አባዲ ድንኳኔ ውስጥ ቁጭ ብሎ ‹እግዜር ያጽናዎት› ብሎኛል! ጠቡን ስሰማ ‹ሌላ ማሽን ይሆናል› እያልኩ ሳምንት ሙሉ ራሴን አታለልኩ። ትናንት ገባሁ፤ የገዛ ጽሑፌን አየሁ። ‹ይሄ የማን ነው?› አልኩት። ‹ከአገር የምትወጣ ሴትዮ ናት› ብሎ ሳቀ። ዞር ሲል ካውያው እጄ ላይ ነበር።» ቀና አሉ። «እሱን በመግደሌ አልጸጸትም። ተነስቶ ቢመጣ ደግሜ እመታዋለሁ። በሳላሀዲን ግን አፍራለሁ። ይቅር በለኝ ልጄ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ሲፈታለት ሳላሀዲን የእጁን አንጓ እያሻሸ ወደ በሩ፣ ወደ ሳዲያ ሄደ።

ያኔ የአባዲ ስልክ ጀማነሽ እጅ ላይ ጮኸ። መድኃኒት ከልማድ እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። ጀማነሽ ድምፁን ከፍ አድርጋ አነሳችው።

«ሄሎ» አለች አንዲት ልጅ፣ እየሮጠች ያለች ትመስላለች። «የኦክስጅን ማሽኑ አልተሸጠም አይደል? ለአባቴ ነው። በእናታችሁ እንዳትሸጡብኝ፣ አሁን መጣሁ!»

ጀማነሽ ስልኩን ለመምህሩ ሰጠቻቸው።

«ልጄ» አሉ፣ «አትምጪ። ማሽኑ ተበላሽቷል። ሌላ ስትገዪ እዚያው ሻጮቹ ዘንድ አንድ ቀን ሙሉ አስነስተሽ፣ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ እዪው። ሰምተሻል? አንድ ቀን ሙሉ።»

«እሺ… እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ባለቤቱ ነዎት? ከአገር የሚወጡት?»

መምህር ገብረሚካኤል ከሳላሀዲን እጅ የወለቀውን ካቴና ይዞ የቆመውን ፖሊስ አዩ። ነፃ የሆነውን እጃቸውን ዘረጉለት።

«አዎ ልጄ» አሉ፤ «ዛሬ ነው የምሄደው።»