ጓሳው እስኪከፈት

ጉሙ ድንገት ሲገለጥ ሐሴት ማጭዷን እንደያዘች ተገኘች።

ለቤት ክዳንና ለምንጣፍ የሚሆነው ሣር የሚበቅልበት የጋራ ተራራ፣ ጓሳው፣ ከተዘጋ ሦስት ዓመቱ ነው። ሽማግሌዎች «ተከፍቷል» ሳይሉ ያጨደ ቤተሰብ በመክፈቻው ቀን አንድ ሸክም ሣር እንኳ አያገኝም።

ጠባቂው አንዷለም ማጭዱን አየ፤ ቀጥሎ ዐይኗን። አስተያየቱ እዚያው ቀረ።

«ለምንድነው?»

«ለታመመችው እናቴ መኝታ። አሮጌው ምንጣፍ አልቆ መደቡ ጎኗን ፈጀው። የፕላስቲኩን ምንጣፍ ደግሞ ይቀዘቅዘኛል ብላ ገፋችው።»

«እኔ እኮ ያየሁትን ላልደብቅ ምያለሁ፣ ሐሴት።»

«ስሜን ማን ነገረህ?»

«መሐል ሜዳ ገበያ ምንጣፍሽን ሦስት ጊዜ ዋጋ ጠይቄ አልገዛሁም።»

«ያ ዳብሶ ዳብሶ የሚሄደው አንተ ነህ እንዴ!» ሳቋ አመለጣት።

እሱም ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የታጨደ አይመለስም፤ ውሰጂው፣ እናትሽ ይተኙበት። እሑድ ግን ለሽማግሌዎቹ እናገራለሁ።»

«ጨካኝ!» አለችና ሸክሟን አንስታ ወረደች።

ሣሩን በውኃ አርጥባ መታታት ጀመረች። አንዷለምን ልትረግመው ታስብና ያ አስተያየቱ ይመጣባታል፤ ጣቶቿ ቀስ ይላሉ፤ ቀኑ ሳታውቀው ይመሻል።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አሏት እናቷ ወለተ ኢየሱስ።

«ከሣሩ ጋር።»

«ሣሩስ ምን አለሽ?»

ሐሴት አንገቷን ደፍታ መታታቷን ቀጠለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዷለም ባርኔጣውን አውልቆ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ።

«ሐሴት ለታመሙ እናቷ ከተዘጋው ጓሳ አጭዳለች። እያየሁ ያሳለፍኳት እኔ ነኝ። ቅጣቱ በእኔ ቤት ይሁን።»

«ያንተ ቤት እኮ ክዳኑ ያፈሳል!» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባ ኃይለመስቀል።

«አውቃለሁ፣ አባቴ።»

«ምን ነካው?» አለ አንዱ።

«ወዴት እንደሚያይ አታይም?» አለች አንዲት ሴት። ሰዉ ሳቀ። ሐሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ቅጣቱን በእሱ ላይ አጸኑት።

የካቲት ላይ ጓሳው ተከፈተ። ተራራው በማጭድ ድምፅ ተሞላ፤ ወርቅ የመሰለው ሣር በነፋሱ ይተኛል፣ ይነሣል። አንዷለም ብቻ ባዶ እጁን ዳር ቆሟል።

ሐሴት መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ያንተ ቤት መጪውን ክረምት አይችልም» አለች።

«አይችልም።»

«የኛ ይችላል። እማዬም ሽማግሌ ብትልክ አላባርርም ብላለች።»

ወደ እሷ ዞረ።

ማጭዱን ዘረጋችለት። «እንካ፣ በኛ ቤት ድርሻ እጨድ። የሁለት ሰው ምንጣፍ ብዙ ሣር ይፈጃል።»