«ብቻዬን ነኝ» ያለው ድምፅ

ሰው ስለ ጥላና ስለ ሙት ድምፅ ሲያወራልኝ ዝም ብዬ እሰማለሁ፣ ሲጨርስ «እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል» እልና ወደ ጉዳዬ እመለሳለሁ፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም። አሁንም አምናለሁ አልልም። የሆነውን ግን ልንገራችሁ።

እዚህ አትላንታ፣ በእድራችን፣ ሰው ሲሞት መርዶ የምናገረው እኔ ነኝ። ቶሎ አላለቅስም፣ ቃልም አላበዛም፣ የመረጡኝ ለዚህ ነው። ነገሩ ደንብ አለው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰዎቹ ለሥራ ሳይወጡ እንሄዳለን፣ ብዙ መኪና ደጃቸው ላይ ካዩ ስለሚጠረጥሩ ራቅ አድርገን ፓርክ እናደርጋለን፣ ሌሎቹ ከግድግዳው ጥግ ይቆማሉ፣ እኔ አንኳኳለሁ። «ማነው?» ሲሉ «እኔ ነኝ፣ ክፈቱ፣ ብቻዬን ነኝ» እላለሁ። ብቻዬን ግን አይደለሁም፣ አምስት ስድስት ሰው ትንፋሹን ውጦ ከኋላዬ ቆሟል። በዚህች ውሸት የተቀየመኝ የለም፣ በሩ እስኪከፈት ብቻ ናት።

ታናሽ ወንድሜ ታደለ ከሊቢያ በጀልባ ወደ ጣሊያን እንደተነሣ የቀረ ሰው ነው። «ልንሳፈር ነው» ብሎ ደወለ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው የለም፣ ዓመታት አለፉ። ሚስቱ ምሥራቅ በኋላ ዲቪ ደርሷት መጣች፣ እዚሁ አትላንታ አጠገብ፣ ኖርክሮስ ትኖራለች። አንድ ደህና ሰው ለትዳር ጠይቋት፣ እኔ ለጉዞ ስዘጋጅ ቻምብሊ፣ እቤቴ ድረስ መጣች።

«እትዬ፣ ለሰው ሁሉ መርዶ ይናገራሉ፣ እኔን ብቻ ለምን ይነፍጉኛል? ይንገሩኝና አልቅሼ ይውጣልኝ» አለችኝ።

«ያየ የለ፣ የሰማ የለ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ?»

«እንግዲያው ሲመለሱ አንዱን ይቁረጡልኝ። ሞቷል ካሉ ፍትሐት ይደረግለት፣ አልሞተም ካሉም ሰውየውን ላሰናብተው።» ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች።

ጉዞው የልጄ የሄለን ሐሳብ ነበር፣ ጡረታ ስወጣ ደስ እንዲለኝ ብላ ነው፣ የሲሲሊን ዳርቻ ይዛ የምትሄድ ትንሽ መርከብ። ቀን ቀን እየወረድን የጥንት ግሪኮች ገደል አፋፍ ላይ ያቆሟቸውን ዓምዶች እናያለን፣ ሲመሽ ተመልሰን መርከቧ ላይ እንበላለን። አንድ ቀን አስጎብኚው ከዓምዶቹ ሥር ቆሞ፣ በጣቱ ወደ ባሕሩ እያመለከተ፣ «በዚህ ቀጥ ብላችሁ ወደ ደቡብ ብትሄዱ ሊቢያ ናት» አለን። ሁሉም ፎቶ አነሣ። እኔም አየሁ፣ ውኃ ነው።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ከመርከቧ ጫፍ እስከ ጫፍ እመላለሳለሁ፣ ወንበር ላይ አረፍ ስል መልሼ እነሣለሁ።

«ማሚ፣ ሪላክስ አድርጊ እንጂ! ክሩዝ ላይ እኮ ነን፣ ለማራቶን ነው እንዴ ፕራክቲስ የምታደርጊው?» አለች ሄለን።

«እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» አልኳት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ለጸሎት ተነሣሁ። ሄለን ተኝታለች፣ መርከቧ ቆማለች፣ ሞተሩም ጸጥ ብሏል። መጀመሪያ የሰማሁት ጠጠር ሲረገጥ ነው፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳይሰማ እየተጠነቀቀ። ከበራችን ውጭ ያለው ኮሪደር ወፍራም ምንጣፍ የለበሰ ነው፣ ሰው ቢሮጥበት እንኳ አይሰማም፣ ጠጠር ከየት መጣ? ቀጥሎ አንድ ሰው ሊያስል ጀምሮ ዋጠው። ሌላው «እሽሽ» አለው። እመኑኝ፣ ይህን ድምፅ እንደ እኔ የሚያውቀው የለም፣ ግን ሁልጊዜ የምሰማው ደጅ ቆሜ ነበር፣ ከውስጥ ሆኜ ሰምቼው አላውቅም።

በሩ በስሱ ተንኳኳ።

«ማነው?» አልኩ፣ በአማርኛ።

«እታለም፣ እኔ ነኝ፣ ክፈቺልኝ። ብቻዬን ነኝ።»

እታለም የሚለኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነበር። ከኋላው ያለው እግር ደግሞ እንደ እኛ የአምስት የስድስት ሰው አልነበረም፣ ያ ጠባብ ኮሪደር የማይችለው ብዙ ሰው ነበር፣ ሕፃንም የሚያባብሉ መሰለኝ። እጄ መክፈቻው ላይ ነው። አልከፈትኩም። በር ካልተከፈተ መርዶ አልተነገረም፣ ይህን እኔ አውቃለሁ።

«ማሚ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለች ሄለን ከአልጋዋ፣ ያን ጊዜ ሁሉም ጸጥ አለ። ተነሥታ በሩን ከፈተችው። ማንም የለም፣ ምንጣፉ ብቻ ነው። «ሕልም ነው» አለችኝ፣ እኔም «ይሆናል» አልኩ።

አትላንታ ተመልሼም ዕረፍት አላገኘሁም፣ ጎህ ሲቀድ መስኮት ለመስኮት እዞራለሁ። ምሥራቅ ደወለች፣ አላነሣሁም። ደግማ ደወለች። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ፣ ለእድሩም ለሄለንም ሳልናገር፣ ጎህ ሲቀድ ለብቻዬ ነድቼ ኖርክሮስ ሄድኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ መኪናዬን ራቅ አድርጌ ፓርክ አደረግኩና በእግሬ ደጇ ደረስኩ። ምሥራቅ ከበሩ አናት ላይ ካሜራ አስገጥማለች፣ ከውስጥ ሆና በስልኳ ነው የምታየው።

አንኳኳሁ። «ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ ምሥራቅ። ክፈቺ፣ ብቻዬን ነኝ።» ይህን ቃል ሰው ደጅ ቆሜ በእውነት ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

ድምጿ ቀጥኖ፣ «እትዬ፣ ብቻዎን ከሆኑ፣ እነዚያ ከኋላዎ የቆሙት ሰዎች እነማን ናቸው?» አለችኝ።

ዞሬ አላየሁም። በሩን ስትከፍት ዓይኗ እኔ ላይ አልነበረም፣ በትከሻዬ ላይ አልፎ ነበር። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ማልቀስ ጀመረች፣ ገባሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።

ፍትሐቱ ተደርጓል፣ ምሥራቅም በቅርቡ ታገባለች። ማንን እንዳየች አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። እኔን የማያስተኛኝ ሌላ ነው። መርዶ ሲነገር በሩ ከተከፈተ በኋላ ጥግ የቆሙት ሁሉ ተከትለው ይገባሉ፣ እነሱ ሳይገቡ በር አይዘጋም። እኔ ግን ዘጋሁት።