ሦስተኛ እርማት

የማተሚያ ቤቱ አራሚ ጥርሷን ነክሳ ነው ወደ ሆቴሉ ባር የገባችው።

ማተሚያ ቤቱ በየሦስት ወሩ የሆቴሉን የመጠጥ ዝርዝር ያትማል። ከእያንዳንዱ መጠጥ ሥር ስሙ ከየት እንደመጣ በአንድ መስመር ይጻፋል። የሌላው ደንበኛ ሥራ በአንድ እርማት ያልቃል። ይህ የባሩ መጠጥ ቀጂ ግን፣ ጉድ እኮ ነው፣ ሦስቴ ሳያመላልሳት ‹ይታተም› ብሎ አይፈርምም።

ዛሬ ደግሞ ባሰበት። ከሻምፓኝና ከሮማን ጭማቂ የቀመመውን አዲስ መጠጥ «ሦስተኛ እርማት» ብሎ ሰይሞ፣ የትርጉሙን ቦታ ባዶ ትቶታል።

«በሥራዬ መቀለድህ ነው?» አለችው ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ።

«ኧረ በጭራሽ!» ብርጭቆ የሚወለውልበት ጨርቅ ከእጁ ወደቀ።

«እንግዲያው ትርጉሙን ንገረኝና ልሂድ። አክስቴ እየጠበቀችኝ ነው።»

«በደህና?»

«ለትዳር የጠየቀኝ ሰው አለ። መሐንዲስ ነው። ዛሬ እሺ ወይ እምቢ እላለሁ።»

ይህን ለምን እንደነገረችው ታውቃለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሰው አፍ አንድ ቃል ስትጠብቅ ኖራለች።

እሱ ከወረቀቱ ላይ ዓይኑን ማንሳት አቃተው።

«ሚሞዛ የሚባለውን መጠጥ ታስታውሻለሽ?» አለ በመጨረሻ።

«እንዴት እረሳለሁ! ስሙ ከቢጫ አበባ የመጣ ሆኖ ሳለ ‹ከቀይ አበባ› ብለህ ጻፍክ። ሳርምልህ ‹ከሰማያዊ› አልክ።»

«አሥር ዓመት በእጄ የቀዳሁትን መጠጥ የማላውቀው ይመስልሻል?»

ቀና ብላ አየችው።

«ስህተት ከሌለ አትመጪም» አለ እስከ ጆሮው ቀልቶ። «በመጀመሪያው እርማት በር ላይ ሰጥተሽኝ ትሄጃለሽ። በሁለተኛው ትቆጪኛለሽ። በሦስተኛው ግን ይደክምሽና ትቀመጫለሽ፣ እናወራለን። ሦስት ወር ሙሉ የምጠብቀው ያቺን ሰዓት ነው። ትርጉሙ ይኸው ነው።»

ደስታም ንዴትም አንድ ላይ ያዛት።

«አንተ ሞኝ! አፍ አልነበረህም?»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማሽም?»

ሳቋ አመለጣት። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«አክስቴ፣ እምቢ ብላለች በይልኝ። አዎ፣ አስቤበታለሁ። ስመጣ እነግርሻለሁ።»

ከዚያ በቀይ እስክሪብቶዋ በባዶው መስመር ላይ ጻፈች፦ ‹ስሙን ያገኘው ደጋግማ ከመጣች አንዲት አራሚ ነው።›

«ፈርም። አንድም ስህተት የለበትም።»

እስክሪብቶውን ተቀብሎ አመነታ። «ከፈረምኩ እኮ ሥራው አለቀ። ነገስ?»

«ነገ ያለ ወረቀት እመጣለሁ። ፈርም ብያለሁ!»

ፈረመ።