ሲግማ ያልከፈተው ክር

ኅዳር 2003 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ዶክተር ሰይፈሥላሴ በሚመሩት የአቃቂ ቤተ ሙከራ ጓሮ፣ ከውሃ ታንከሩ ማማ ሥር ሞተው ተገኙ። ቅዳሜ ቅዳሜ በአራት ሰዓት ማማው ላይ ወጥተው ታንከሩን ሳያዩ አይውሉም ነበር። በጨበጡት መዳፋቸው ውስጥ የነጭ ጋዋን ቁልፍ ነበር። ኢንስፔክተር አሰጋሽ የቤቱን ጋዋኖች አስቀርባ አየች፤ ቁልፍ ያልጎደለው አንድም የለም። ሳቋ መጣ፤ ዋጥ አደረገችው።

ጥበቃው ጋሽ ደበላ ማንም አልገባም፣ አልወጣም አሉ። ግቢው ውስጥ የነበሩት ተመራማሪዋ ሊዲያና ቴክኒሻኑ ሂርጳ ብቻ ናቸው።

ሂርጳ የሥራ መዝገቡን ዘረጋላት። «በአራት ሰዓት የዘረመል ቅጂ የሚሠራባቸውን ብልቃጦች ከበረዶ አውጥቼ ማሞቂያው ላይ አደረግኩ። እስከ አምስት በየአሥር ደቂቃው ቅጂውን ለካሁ። ሊዲያ ወደ ማማው ስትሄድ በመስኮት አይቻታለሁ፤ ይህንኑ ቃሌን ጽፌ ፈርሜያለሁ።»

ሊዲያ ወደ ኢንስፔክተሯ ተጠጋች። «መጋዘኑ ሲጨልምብኝ ወጥቼ ፀሐይ ስሞቅ ነበር። ያየኝ ሰው የለም። ልታሰር ነው?»

«ለምን ጨለመብሽ?»

«መብራት ጠፍቶ ነዋ!»

አሰጋሽ ወደ በሩ ተመለሰች። «ጋሽ ደበላ፣ መብራት የጠፋው ስንት ሰዓት ነው?»

«ከሦስት እስከ አምስት። የኳሱን ወሬ በሬዲዮ ሳልሰማ ቀረሁ፤ እንዴት እረሳዋለሁ?»

የማኅደር ክፍሉን ሰነዶች ስታገላብጥ ዋለች። አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሊዲያ፣ ባክቴሪያ ዘረመሉን ማንበብ የሚጀምረው እንዴት ነው? እንደማያውቅ ሰው ቆጥረሽ አስረጂኝ።»

«ሲግማ የሚባል ፕሮቲን አለ። ከዘረመሉ በፊት ያሉትን ሁለት አጫጭር ምልክቶች ዲኤንኤው ላይ ለይቶ፣ አንባቢውን ኤንዛይም ይዞ ይቀመጣል። ከዚያ የዲኤንኤው ድርብ ክር ይከፈትና ቅጂው ይጀመራል።»

«ብርድ ላይስ?»

«ቦታውን ያውቀዋል፣ ይቀመጣል። ክሩ ግን አይከፈትም፤ ሙቀት ይፈልጋል።»

አሰጋሽ መዝገቡን አነሳች። «ሂርጳ፣ መብራት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አልነበረም። በአራት ሰዓት ማሞቂያው ቀዝቃዛ ብረት ነው። አንተ ግን ቅጂው በአሥር ደቂቃ ውስጥ በእጥፍ አደገ ብለህ ጽፈሃል። ልኬቱን በቃልህ ስለምታውቀው ሳታይ ሞላኸው። መብራት መጥፋቱን ያላወቅከው እዚህ ስላልነበርክ ነው፤ ከሦስት ሰዓት በፊት ወጥተህ ማማው ላይ ስትጠብቃቸው ነበር።»

አሰጋሽ ከማኅደር ክፍሉ ያመጣችውን ፋይል ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይህ ቤት በሚያጠናው ዘረመል ላይ እነዚያን ሁለት ምልክቶች መጀመሪያ ያገኘችው ዳሲቱ ሰቦቃ ናት። የእጅ ጽሑፏን አየሁት። ዶክተሩ በራሳቸው ስም አሳተሙት፤ እሷን ውጤት ፈጥራለች ብለው አባረሯት። ካባረሯት በኋላ ዓመት አልቆየችም፤ ሞተች። አንተስ የማን ልጅ ነህ?»

«የሰቦቃ!» ከወንበሩ ተነሳ፤ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ደርሶ ትከሻውን ያዘው። «እህቴ ናት! ሁለት ዓመት ሙሉ ሻይ እያቀረብኩላቸው ይቺን ቀን ጠበቅኩ። ሳልገፋቸው በፊት ስሟን አስጠራኋቸው። ደስ ብሎኛል፤ ነገም ደስ ይለኛል!»

«የሳቸውን ጉዳይ ፍርድ ቤት ያየዋል» አለች አሰጋሽ፤ ንዴቷን አልደበቀችም። «ሊዲያ ግን ምን አደረገችህ? እህትህን የገደላት በሐሰት የተጻፈባት ወረቀት ነው። አንተም በንጹሕ ሰው ላይ ያንኑ ጽፈህ ፈረምክ።»

ደስታው ከፊቱ ላይ ጠፋ። ወደ ሊዲያ ዞረ።

«ይቅር በይኝ።»

«ዳሲቱ ብትኖር» አለች ሊዲያ እንባዋን እየጠረገች፣ «እሷን ምን ብለህ ይቅርታ ትጠይቃት ነበር?»

ሂርጳ ሁለት እጆቹን ለካቴናው ዘረጋ።